በሱሪ ላይ ቀሚስ

ጥድማ ማርያም ደጃፍ ሲደርስ ከሞተሩ የሚወርድ ሰው በዚያ አገር ቢፈለግ ከዝናሽ በቀር አይገኝም። ሌላው ባለሞተር አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በአንድ እጁ አማትቦ ያልፋል፤ አንዳንዱማ ፍጥነቱንም አይቀንስ። እሷ ግን ከጥዶቹ ጥግ ስትደርስ ሞተሯን ታጠፋለች። ትወርዳለች። መቀነቷ ውስጥ የሸጎጠችውን የቀሚሷን ጫፍ ትለቅቃለች፣ ትሳለማለች፣ ከዚያ ያን ሁሉ ብረት ከኋላው ከታሰረው የክትባት ሣጥን ጋር እየገፋች ደጃፉን ታልፋለች። ደጃፉ ደግሞ ሜዳ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ቀጥ ያለ ዳገት ነው።

ይህን ያወረሷት አያቷ ናቸው። ባለበቅሎ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርሱ ዝናብም ቢዘንብ፣ እርጅናም ቢጫናቸው፣ ወርደው ተሳልመው በቅሏቸውን እየሳቡ ነበር የሚያልፉት። ለዝናሽ በቅሎዋ ብረት ሆነች እንጂ ሥርዐቱ አልተለወጠም። ልዩነቱ በቅሎ በራሷ እግር ትራመዳለች፤ ሞተር ግን ይገፋል።

ዝናሽ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ ገበሬው «የከብት ሐኪሟ» ይላታል። የምትኖረው ደብረ ታቦር ነው። አብዛኛውን ቀን ወደ ጉና ግርጌ ትወጣና በግ ትከትባለች፣ ያበጠ ጡት ታያለች፣ ምጥ የጠናባትን ላም ታዋልዳለች። በግ የሚከተበው በሁለት ጉልበት መካከል ተይዞ ስለሆነ፣ ማታ ቤቷ ስትገባ ከወገቧ በታች ያለው አካሏ የሷ አይመስላትም። አርባ ዓመት ሊሞላት ነው። ባሏ «ሰሊጥ አጭጄ ልምጣ» ብሎ ሁመራ እንደወረደ በዚያው ቀልጦ ቀርቷል፤ ሁለቱን ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ሥራ ነው። ቢሮዋ ሞተር የሰጣት ጊዜ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አላት። እናቷ ብቻ ዝም አሉ።

እናቷ ወይዘሮ ጌጤ የሚኖሩት ከጥድማ ማርያም አጥር ሥር ነው። ማኅበራቸውም፣ ሰንበቴያቸውም፣ ነገ የሚያርፉበት መቃብርም እዚያው ነው። ልጃቸው ሱሪ ለብሳ፣ ሞተር ላይ ተፈናጥጣ በዚያ ደጅ ስታልፍ ባዩ ቀን ቤት አስገቧትና ነገሩን በአጭሩ ጨረሱት።

«ሞተሩን ንጂ። እንጀራሽ ነው፣ አልከለክልሽም። ግን ከሱሪው ላይ ቀሚስ ሳትደርቢ በማርያም ደጅ ብታልፊ በቁሜ ቀበርሽኝ ማለት ነው። ነገ ከቅዳሴ ስወጣ ሰው ምን ይለኛል?»

ከሣጥናቸውም አንድ ቀሚስ አውጥተው ሰጧት። በገዛ እጃቸው ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው ያሠሩት፣ ለክት ያስቀመጡት ወፍራም የሀገር ቀሚስ ነበር። እናት የክት ልብሷን ስትሰጥ እምቢ አይባልም።

ከዚያ ወዲህ ዝናሽ ሁለት ልብስ በአንድ ወገብ ተሸክማ ኖረች። ስትነዳ ቀሚሱን ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ትሸጉጠዋለች፤ ማርያም ደጅ ስትደርስ ትለቅቀዋለች፤ ደጃፉን አልፋ ሞተሯ ላይ ስትወጣ እንደገና ትሰበስበዋለች። አልሸሹም ዞር አሉ ነው፤ ሱሪው ያው ሱሪ፣ እግሩም ያው እግር። ግን እናት ደስ ይበላት ተብሎ ስንት ነገር ይደረጋል፤ ይህም አንዱ ሆኖ ዓመታት አለፉ።

አንድ ኅዳር ላይ የበግ ፈንጣጣ ገባ ተባለና የክትባት ዘመቻ ሆነ። ዝናሽ ቀኑን ሙሉ በግ ስትይዝ ውላ፣ ወገቧ ተቆርጦ፣ እጇ የበግ ላብ እየሸተተ ወደ ከተማ ስትመለስ ማርያም ደጅ ደረሰች። እንደ ልማዷ አጠፋች፣ ወረደች፣ ቀሚሱን ለቀቀች፣ ተሳለመች። ቁልቁል ሲሆን ሞተር አይገፋም፣ ይያዛል፤ መያዙ ደግሞ ከመግፋቱ ይብሳል። ደጃፉን ስትጨርስ ላቧን በክንዷ ጠረገች። ሞተሩ ላይ ወጣች፣ አስነሳች፣ ሄደች። ቀሚሱን መሰብሰብ ረሳችው።

ሰንሰለቱ የቀሚሱን ጫፍ ነክሶ ሲጎትት ሞተሩ በግራ ጎኑ ተጋደመ፤ እሷም ከሥሩ። ጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተች ወረደች። ስሱ ሱሪዋ እንደ ወረቀት ተቀደደ፤ የጉልበቷ ቆዳም ተከትሎት ሄደ። ጩኸቷን ሰምተው አውድማ ላይ የነበሩ ወንዶች ሮጡ። እናቷም ሮጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ከወንዶቹ እኩል ደረሱ።

እዚህ ላይ ዝናሽ የማትረሳው ነገር ሆነ። ወይዘሮ ጌጤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈፉና የልጃቸውን ጭን ሸፈኑ። ደሙ ያለው ጉልበቷ ላይ፣ ነጠላው ያረፈው የተቀደደው ሱሪ ላይ። ወንዶቹ እንዳያዩ ዙሪያውን ሸጎጥ ሸጎጥ አድርገው ከጨረሱ በኋላ ነው «ደሟ! ደሟ!» ብለው የጮሁት። ዝናሽ ራሷን ልትስት ደርሳ እንኳ ይህን አየች። በእናቷ ላይ ሆዷ ሻከረ።

ቁስሉ ጤና ጣቢያ ታጥቦ ታሸገ። ጉልበቷ ግን እያበጠ እንደ ዱባ ሲሆን የአገሩ ወጌሻ አያ ሞላ ተጠሩ። ዳር ዳሩን በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት፤ ከዚያ እሷ ሳታስበው አንድ ጊዜ ብቻ ጫን አሉት። የዝናሽ ጩኸት ጎረቤት ሰበሰበ።

«አይዞሽ፣ ገብታለች» አሉ አያ ሞላ ላባቸውን እየጠረጉ። «የጉልበትሽ ሎሚ ፈቀቅ ብላ ነበር፤ መልሻታለሁ ብዬ ግን አልዋሽሽም፣ እሷው ናት የተመለሰች። ስሚኝ ልጄ፤ ሁለተኛ በዚሁ ጉልበት ብትወድቂ እኔም አልመልሳት፣ ሌላም አይመልሳት። ዱላ ይዘሽ ነው የምትቀሪ።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የቢሮው ኃላፊም ሊጠይቃት መጥቶ ብርቱካኑን አስቀመጠና ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አፍሮ ነው የተናገረው። «እስከ ጥምቀት እረፊ። ከዚያ መንዳት ካልቻልሽ ግን ሞተሩን ለሌላ ሰው መስጠት ግድ ይሆናል፤ አንቺ ክሊኒክ ትቀመጫለሽ።» ክሊኒክ መቀመጥ ማለት መርፌ መቀቀልና የመድኃኒት መደርደሪያ መጥረግ ነው። የመስክ አበል የለውም። ያለ አበሉ ደግሞ ልጆቿ እንደማይማሩ ዝናሽ ታውቃለች።

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነው። ጉልበቷ ሁለተኛ ከተመታ ሞተሩ ሄደ፤ ሞተሩ ከሄደ ቤቷ ሄደ። ጉናን ስትረግመው ኖራ ነበር፤ ብርዱን፣ ጠጠሩን፣ ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳትን የገበሬውን ስልክ። አሁን አልጋ ላይ ተኝታ ሊቀሩባት ነው ብላ ስታስብ ግን አለቀሰች። የተቀደደውን ቀሚስ እናቷ ይዘውት ሄደዋል፤ ለምን እንደያዙትም አልጠየቀችም።

በታኅሣሥ አጋማሽ እያነከሰች የደብረ ታቦር ገበያ ወጣች። የምትፈልገው ጉልበቷን የሚያድን፣ ኪሷ የሚችለው፣ ዕለት ዕለት ሊለበስ የሚችል ሱሪ ነው። ሲናገሩት ቀላል ይመስላል። ሦስቱን አንድ ላይ የያዘ ሱሪ ግን ፈጣሪም ገና አልሰፋም መሰል።

መጀመሪያ የሄደችው ልባሽ ጨርቅ ነጋዴው ሬድዋን ዘንድ ነው። ሬድዋን ቀልደኛ ነው፤ ሞተርም ስለሚነዳ ነገሩን ያውቀዋል።

«እታለም፣ ለማን ነው ሱሪው?»

«ለእኔ ነው። ስወድቅ የማይቀደድ።»

«አትውደቂያ!» አለና ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን አቆመና ከክምሩ ሥር ጥቁር የቆዳ ሱሪ ጎትቶ አወጣ። «ይኸው። ይህ ሱሪ አይደለም፣ ግድግዳ ነው።»

ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ለበሰችው። የፈረንጅ ቁመት ያለው ነበር፤ ጫፉን ሁለት ጊዜ አጠፈችው። እውነትም ግድግዳ ነው። ወጣችና «እስቲ በግ ልያዝበት» ብላ ቁጢጥ ልትል ሞከረች። ሱሪው አልታጠፍም አለ። አንድ ጊዜ ታገለችው፣ ሁለት ጊዜ ታገለችው፣ በሦስተኛው በጀርባዋ የጨርቁ ክምር ላይ ዘፍ አለች፤ እግሮቿ ወደ ላይ ቀጥ ብለው ቀሩ። ሬድዋን ላለመሳቅ አፉን ያዘ። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቁ ሳያልቅ እንባ መጣባት። እሱም ዞር ብሎ ሲያጣጥፍ የቆየ መስሎ ጊዜ ሰጣት።

ቀጥሎ አዲስ አወጣላት፤ ጉልበቱ ላይ ጥቁር ጠንካራ ነገር የተሰፋበት፣ በየጎኑ ቀይ መስመር ያለው፣ የባለሞተር ሱሪ። ዋጋውን ሲነግራት ደመወዟን ይዞ ከበላዩ የሚጠይቅ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ተበድራም ቢሆን ልትገዛው ልቧ ተነሳ። ጉልበቱን በአውራ ጣቷ ጫን ብታደርገው ግን ልምጥ አለ።

«የጀሪካን ክዳን ነው እንዴ?»

ሬድዋን ራሱን አከከ። «ላንቺ አልዋሽም። እኔም ገዝቼው አልለበስሁትም። ለፎቶ ነው የሚሆን።» ሱሪውን መልሶ ሰቀለው። «አጎቴ ጋ ሂጂ። ሸሪፍ ልብስ ሰፊው፣ ከመስጊዱ በታች። የመኪና ሸራ ሲሰፋ ነው የኖረ። ይቆጣሻል፤ ግን ይሠራልሻል።»

ጋሽ ሸሪፍ መነጽራቸውን በክር አስረው ከስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው ነበር። ነገሯን እስክትጨርስ ቀና አላሉም።

«ቀሚስ ነው ያወደቀሽ?»

«ቀሚስ ነው፣ ጋሽ ሸሪፍ።»

«ሞተርና ቀሚስ!» አሉ፣ የሞተሩም የቀሚሱም ጥፋተኛ እሷ የሆነች ይመስል። «ይሁን። ሁለት ወፍራም ጂንስ ከሬድዋን አምጪ። ከጭን እስከ ቅልጥም በሸራ እደርበዋለሁ። ጉልበቱ ላይ ኪስ አወጣለታለሁ፤ ኪሱ ውስጥ የመኪና ከመነዳሪ እከትበታለሁ። ጎማ ነው፤ ጠጠር ይገፋዋል እንጂ አይበላው።»

ልኬቱን ራሳቸው አልወሰዱም። ሜትሩን በመጋረጃው ላይ አሳልፈው ለሚስታቸው ለሶፊያ ሰጡ፤ ሶፊያ ከውስጥ እየለኩ ይጮኻሉ፣ እሳቸው ከውጭ በጠመኔ ይጽፋሉ። «ወገብ!» «ሰማሁ!» «ጭን!» «ቀስ በይ፣ ገበያው ሁሉ ይስማ ነው እንዴ?» ዝናሽ መካከል ቆማ አፍራ ልትሞት ደረሰች።

በሳምንቱ ሱሪው ደርሶ ለበሰችው። ቆማ ሲያዩዋት ልክ ነው። በሩ ላይ ወደቆመው የሬድዋን ሞተር ወስደው «ውጪበት» አሏት። እግሯን ብታነሳ ከመቀመጫው በላይ አልሄድ አለ። ጋሽ ሸሪፍ መነጽራቸውን አውልቀው ሱሪውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አየሽ፣ ዕድሜ ልኬን ሱሪ የሰፋሁት ለቆመ ሰው ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ቁጣቸው ወደ ራሳቸው ዞሮ ነበር። ፈቱት። እግሮቹ የሚገናኙበት ላይ ሌላ ቁራጭ ጨመሩበት፤ ጉልበቱ ሲታጠፍ ሸራው እንዳይገትር ከኋላ ከቋንጃዋ ላይ ሸራውን አንስተው ጂንሱን ብቻ ተዉት። ሁለተኛ ስትለብሰው ወጣችበት፣ ወረደችበት፣ ቁጢጥም አለችበት። እንደ ጆንያ ያምራል፤ ማለትም አያምርም። ግን ሱሪ ነው።

«አንድ ነገር ይቀራል» አሉ ጋሽ ሸሪፍ። «ከመነዳሪ ብቻውን ያልባል፣ ቁስልሽን ይልጠዋል። ከሥሩ ወፍራም የእጅ ፈትል ይፈልጋል፤ ተደርቦ ተደርቦ። ቡሉኮ የለሽም?»

«አንድ አለ። ልጆቹ ናቸው የሚለብሱት።»

«ያ ያወደቀሽ ቀሚስስ? እሾህን በእሾህ ነው።»

ዝናሽ ወለሉን እያየች «እናቴ ናት የወሰደችው፤ ልጠይቃት አልችልም» አለች። ሰውየው ልጆች አሳድገዋልና አልጠየቁም። የማዳበሪያ ጆንያ አጣጥፈው ከኪሱ ውስጥ ከተቱና «ለጊዜው ይሁን» አሉ።

የጥምቀት በዓል እንዳለፈ ዝናሽ ሥራ ገባች። ሱሪው ከባድ ነው፤ ጆንያው በየጉድጓዱ ቁስሏን ይፍቃታል። ቢሆንም የጉና ብርድ አልገባባትም፤ እጇም እንደ ፈራችው አልከዳትም። ቀሚስ አልደረበችም። ደረቷ ላይ የተቀመጠባት ያ ነው። ጥድማ ማርያም እየቀረበ ሲመጣ እናቷ ቤት ውስጥ ይሁኑ ብላ ጸለየች፤ ማርያም ደጅ ላይ እንዲህ ያለ ጸሎት ይጸለያል እንዴ ብላም አፈረች።

እናቷ ቤት ውስጥ አልነበሩም። የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ከጥዶቹ ሥር ቆመዋል። በክንዳቸው ላይ ቀሚሱ ታጥፎ ተንጠልጥሏል።

ዝናሽ አጠፋች። ጤነኛውን እግሯን አስቀድማ፣ የታመመውን በእጇ አንስታ፣ በጭንቅ ወረደች። ወይዘሮ ጌጤ ሱሪውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ሸራውን፣ ያበጠውን ጉልበቱን። ከዚያ ቀሚሱን ዘረጉ። ሰንሰለቱ የበላው ጫፉ በስሱ፣ በነጭ ክር፣ ዓይን እስኪያጠፋ ድረስ ተጠግኗል።

«ሰፍቼልሻለሁ» አሉ። «አዲስ ሆኗል። በይ ደርቢው።»

ዝናሽ እጇን አልዘረጋችም። መጮኽ ፈልጋ ነበር፤ ለመጮኽ እንኳ አቅም አልነበራትም። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እምዬ፣ ደክሞኛል» አለች። «ሱሪ መልበሱ አይደለም ያደከመኝ። መልቀቁና መሰብሰቡ ነው። ላንቺ ስለቅቅ፣ ለሞተሩ ስሰበስብ። ያን ቀን የረሳሁት ስለደከመኝ ነው።»

«ሰው …»

«ሰውን ተይው! ያን ቀን ደሜ ሲፈስ አንቺ ሱሪዬን ነበር የሸፈንሽ። ነጠላሽን ጉልበቴ ላይ አላደረግሽም። ጭኔ ላይ ነው ያደረግሽ። አይቼሻለሁ።»

ወይዘሮ ጌጤ ቀሚሱን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ነፋሱ ጫፉን ያንቀሳቅሰዋል። ልጃቸው እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም።

«ደምሽን አይቻለሁ» አሉ ድምፃቸው አንሶ። «ያኔ የሞትሽ መሰለኝ። ልጅ ስትወድቅ ምን እንደሚደረግ የነገረኝ የለም። እናቴ ያስተማረችኝ መሸፈን ነው፤ ሸፈንሁ።»

ዝናሽን በጎቹ እየጠበቋት ነበር። ተነስታ ተሳለመች፤ ሞተሯን ይዛ መግፋት ጀመረች። ዳገቱን ብቻዋን፣ እያነከሰች፣ በሱሪዋ ወጣችው። እናቷ ከኋላዋ አልተጣሩም። እውነት መናገር ያሳርፋል ያለው ሰው እናቱን ተናግሮ አያውቅም።

በቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ ጆንያው ቁስሏን ስላደማው ወደ ጋሽ ሸሪፍ ሄደች። ገና ከበሩ ሲያዩዋት ከመደርደሪያቸው ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ።

«እናትሽ መጥተው ነበር።»

«ማን? እናቴ ከተማ አትወርድም።»

«ድንች የጫነ መኪና ላይ ተሳፍረው መጡ። ‹የልጄን ሱሪ የሰፋህ አንተ ነህ?› አሉኝ። ሊጣሉኝ መሰለኝ፤ ሶፊያን ጠራኋት።» ጋሽ ሸሪፍ ጥቅሉን ፈቱት። «ጉልበቱ ውስጥ ምን እንደከተትሁ ጠየቁኝ። ጆንያ ነው ስላቸው ተቀመጡ። ‹ምን ነበር የሚያስፈልገው?› አሉኝ፤ የእጅ ፈትል ነው አልኋቸው። ማክሰኞ ዕለት ይህን ይዘው ተመለሱ።»

ቀሚሱ ነው። አራት ማዕዘን እየሆነ ተቆራርጦ፣ በየቁራጩ ዳር እንዳይፈታ በመርፌ ተዘምዝሞ፣ ተደራርቦ ተቀምጧል። የተጠገነው ጫፍም አልተጣለም፤ ከሁሉ በላይ ነው ያለው።

«እኔ አልቆረጥሁትም» አሉ ጋሽ ሸሪፍ ቶሎ ብለው። «እንዲህ ያለ ፈትል ዛሬ የት ይገኛል? መቀሴም እምቢ ይል ነበር። እሳቸውም ያንን አውቀው ኖሮ ‹እንዳያሳሳህ ብዬ ቤቴ በምላጭ ቆርጬው መጣሁ› አሉኝ።»

ዝናሽ አንዱን ቁራጭ አንስታ ፊቷ ላይ አደረገችው። የእናቷን ሣጥን ይሸታል። እዚያው በገበያ ቀን፣ ሰው እያያት፣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሶፊያ መጋረጃውን ገልጠው አስገቧትና የራሳቸውን ቀሚስ አለበሷት፤ እሷ በሶፊያ ቀሚስ ተቀምጣ ጋሽ ሸሪፍ ጆንያውን ከሱሪው አውጥተው ጣሉ፤ የእናቷን ፈትል በስምንት እየደረቡ በሁለቱም ጉልበት ሰፉት። የተረፈውን ለመቀመጫዋ አደረጉት። ለዚህኛው ሥራ ዋጋ ስትጠይቃቸው ተቆጡ።

በየካቲት በሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት፣ ከጥድማ በላይ ካለ ጎጥ ተደወለላት። ይርጋ የሚባል ገበሬ ነው፤ ላሙን ምጥ ይዟት ጥጃው አልወጣም ብሏል። ምጥ በዓል አያውቅም። ዝናሽ መሣሪያዋን ጭና ወጣች፤ ማርያም ደጅ ስትደርስ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ እየወጣ ነበር። ደጁ ነጭ በነጭ ሆኗል። ሳትወርድ ራሷን ዝቅ አድርጋ ብታልፍ ማንም አይፈርድባትም፤ ላሚቱም እየጠበቀች ነው። እጇ ግን ለምዶ ኖሮ ሞተሩን አጠፋ። ወረደች። በሱሪዋ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ተሳለመች።

ከሴቶቹ መካከል እናቷ ነበሩ፤ አጠገባቸው የማኅበር ጓደኛቸው እትዬ አልማዝ። እትዬ አልማዝ ሆዳቸው ውስጥ ነገር አያድርም፤ ድምፃቸውም ዝቅ ማለት አያውቅም።

«አንቺ ጌጤ፣ ልጅሽ ዛሬ ቀሚሷን የት ጣለችው?»

ዝናሽ የሞተሩን እጀታ ጨብጣ አንገቷን ደፋች። እናቷ ቀና አሉ።

«አልጣለችውም፤ ለብሳዋለች።»

«የታል? እኔ ሱሪ ነው የማይ።»

ወይዘሮ ጌጤ ከሴቶቹ ተለይተው መጡ። ልጃቸው ፊት ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በታመመው ጉልበት ላይ አሳረፉ፤ ያን ቀን ሳይሸፍኑት የቀረው ጉልበት ላይ። ትንሽ ቆዩበት።

«ይኸውና» አሉ።

ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸረጡና ከሞተሩ ኋላ ዞረው የዕቃ መጫኛውን ብረት በሁለት እጃቸው ያዙ።

«በይ ግፊ እንጂ፣ ምን ቆመሽ ታለቅሻለሽ? ላሚቱን ልትገድያት ነው?»

ዳገቱን ሁለት ሆነው ገፉት።